ጽሑፍን በመለያ ምልክት መቁረጥ፦ በአማርኛ ሲሆን ምን ይለያል?

የእድራችን ጸሐፊ የቄስ ትምህርት ቤት ያለፉ ሰው ናቸው። ስልካቸው ላይ ሲጽፉም ወጉን አይለቁም፤ በቃልና በቃል መሀል ሁለት ነጥብ ያኖራሉ። ሰሞኑን የአባላቱን ዝርዝር በቴሌግራም ላኩልኝ። ኮምፒውተር ላይ አስገብቼ የከፈለውንና ያልከፈለውን እንድለይላቸው ነው። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ከፈትኩና መስመሩን ቃል በቃል የሚቆርጥ አንድ መስመር ኮድ ጻፍኩ። ስድስት ቃል ጠብቄ አንድ አገኘሁ። መስመሩ እንዳለ ነው፤ ምንም አልተቆረጠም።

ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ቃላቱን እኮ አልለዩልኝም።»

«እንዴ ልጄ! ነጥብ አድርጌበታለሁ እኮ። አላየኸውም?»

ልክ ናቸው። በብራና መጻሕፍት ቃልን ከቃል የሚለየው ያ ሁለት ነጥብ ነው። በጥንቶቹ የአክሱም የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ደግሞ ይህን ሥራ የሚሠራው ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ነበር። ዛሬ ፕሮግራመሮች ፓይፕ ብለው በመረጃ መሀል የሚያቆሙት ምልክት መልኩ ያው ነው። መለያ ምልክት ለእኛ ፊደል እንግዳ አይደለም። የኔ ኮድ ግን ባዶ ቦታ ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ስለዚህ ይህን መመሪያ የጻፍኩት አማርኛ ጽሑፍ ይዛችሁ ኮድ ፊት ለምትቀመጡ ነው። መቁረጡ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ጊዜ የሚበላው ምኑ ላይ እንደሚቆረጥ ማወቁ ነው፤ በአማርኛ ሲሆን ደግሞ የበለጠ።

ከመጀመራችን በፊት

የምጠቀመው ፓይተን 3ን ነው። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ኔትወርክ በሌለበት ቀንም ትሠሩበታላችሁ።

ትእዛዞቹን እዚህ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ኪቦርድ ላይ ስትቀመጡ ስፕሊት፣ ስትሪፕ፣ ሪፕሌስ፣ ጆይን፣ ፕሪንት፣ ኦርድ፣ ሌን፣ ኢንት፣ ፎር፣ ኢን፣ ኢፍ፣ ኤንድ፣ ኤልስ፣ አፔንድ፣ ኢኑመሬት እና የመሳሰሉትን ትእዛዞች በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል ጻፏቸው። መስመር፣ ክፍሎች፣ ስሞች የሚሉት የተለዋዋጭ ስሞች ግን በአማርኛ እንዳሉ ይሠራሉ። ፓይተን 3 ይቀበላቸዋል።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ኮድ ከጻፋችሁ በቅንፍ ውስጥ የሚገባው የእንግሊዝኛ ኮማ «፣» ሆኖ ይገባል። ፓይተን ያን ጊዜ የማላውቀው ምልክት አለ ብሎ ይቆማል። ጥቅሱም ቀጥ ያለው ይሁን። ስልክ ላይ ጽፋችሁ ወደ ኮምፒውተር ስታዛውሩ ጥቅሱ ጎብጦ ሊመጣ ይችላል፤ የጎበጠው አይሠራም።

የእድሩ ዝርዝር የሰው ስምና ስልክ ስለሆነ እዚህ አላወጣውም። በምትኩ አንድ አስጎብኚ ጓደኛዬ የጻፈውን እንይ። ለፋሲል ግቢ ጎብኚዎች አጭር ገጽ ሊሠራ አስቦ የነገሥታቱን ዝርዝር በስልኩ ጽፎ ልኮልኛል። ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ መቼ ነገሠ፣ መቼ አበቃ፦

ፋሲል፣1632፣1667
ዮሐንስ፣1667፣1682
ኢያሱ፣1682፣1706
ተክለ ሃይማኖት፣1706፣1708
ቴዎፍሎስ፣1708፣1711
ዮስጦስ፣1711፣1716
ዳዊት፣1716፣1721
ባካፋ፣1721፣1730

1. መጀመሪያ በዓይን እዩት

ኮድ ሳትጽፉ ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቱና ዝም ብላችሁ አንብቡት። ከላይ አምስት መስመር፣ ከመሀል አምስት፣ ከታች አምስት። ሁለት ነገር ፈልጉ። መረጃን ከመረጃ የሚለየው ምልክት የትኛው ነው? ያ ምልክት በመረጃው ሆድ ውስጥስ ይገኛል?

ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። እኔን ዋጋ ያስከፈለኝ እሱ ነው። አንድ ጊዜ ለአንድ ማኅበር ዝርዝር ሳስገባ መለያ እንዲሆነኝ አዘንባላ መስመር መረጥኩ፤ ስልክ ላይ ለመጻፍ ይቀላል ብዬ። ቆርጬ ስከፍተው የሴቶቹ መስመር በሙሉ ተበላሽቷል። «ወ/ሮ» የሚለው «ወ» እና «ሮ» ሆኖ ለሁለት ተከፍሎ፣ የማዕረጉ ቁራጭ በስም ቦታ፣ ስም በስልክ ቦታ ገብቶ አደረ። እኛ በዚያ መስመር እናሳጥራለን፦ ዶ/ር፣ ት/ቤት፣ ጽ/ቤት፣ መ/ቤት፣ ዓ/ም። ቀንም በሱ እንጽፋለን። ስለዚህ አማርኛ ዝርዝር ውስጥ አዘንባላ መስመርን መለያ አታድርጉ።

የእንግሊዝኛው ኮማ ደግሞ በገንዘብ መሀል ይገባል። «1,200 ብር» ብሎ የጻፈ ሰው ካለ 1 ለብቻው፣ 200 ብር ለብቻው ይሆናል። የእኛ ነጠላ ሰረዝ በዚህ በኩል ይሻላል፤ በቁጥር ውስጥ የሚያስገባው ሰው የለም። ለአማርኛ ዝርዝር «፣»ን የምወደው ለዚህ ነው።

2. ምልክቱን በቁጥሩ እወቁት

ዓይን ይታለላል። «፡» እና የእንግሊዝኛው «:» ስክሪን ላይ መንታ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ ምልክት የራሱ ቁጥር አለው፤ ፓይተን ውስጥ ኦርድ የሚለው ትእዛዝ ይነግራችኋል።

ፕሪንት(ኦርድ("፣"))

4963 ይላችኋል። ከአንዱ መስመር ያሉትን ፊደላት በሙሉ በቁጥራቸው ማየት ከፈለጋችሁ፦

ፎር ፊደል ኢን መስመር:
    ፕሪንት(ፊደል, ኦርድ(ፊደል))

የሚያስፈልጓችሁን ቁጥሮች ልስጣችሁ። ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌያቸዋለሁ። ሁለት ነጥብ «፡» 4961 ነው። አራት ነጥብ «።» 4962። ነጠላ ሰረዝ «፣» 4963። ድርብ ሰረዝ «፤» 4964። «፥» 4965። ከእንግሊዝኛው ወገን ኮማ 44፣ «:» 58፣ «;» 59፣ ፓይፕ 124። ታብ 9። ተራው ባዶ ቦታ 32።

ከዚያ የማይታዩት ይመጣሉ። 160 ባዶ ቦታ ይመስላል፤ ከድረ ገጽ ኮፒ የተደረገ ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። 8203 ስፋት የሌለው ባዶ ቦታ ነው፤ ስክሪን ላይ ጭራሽ አይታይም። 65279 ፋይል መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከላይ ያያችሁት የታረመው ነው፤ ጓደኛዬ መጀመሪያ የላከውን በዚህ መንገድ ስፈትሽ ሦስተኛው መስመር ላይ 4963 ሳይሆን 4965 አገኘሁ። አንድ ቦታ «፥» ነክቷል። በዓይኔ ሁለት ጊዜ አንብቤው አልፌዋለሁ።

3. ምልክቶቹን አንድ አድርጉ

ሰው በስልክ ሲጽፍ አንዴ «፣» ይነካል፣ አንዴ «፥»፣ አንዴ ኮማ። ከመቁረጣችሁ በፊት ወደ አንድ አምጧቸው፦

መስመር = መስመር.ሪፕሌስ("፥", "፣")

ኮማውንም እንዲሁ መቀየር ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ በገንዘብ መሀል የገባ ኮማ እንደሌለ አረጋግጡ።

አሁን የጋሼን ሁለት ነጥብ እንይ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ብዙ ሰው አራት ነጥብን የሚጽፈው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ነክቶ ነው፦ «፡፡»። ስክሪን ላይ «።» ይመስላል። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት 4961 ናቸው፤ 4962 አይደሉም። መጀመሪያ ሁለት ነጥቡን ሁሉ ወደ ባዶ ቦታ ከቀየራችሁ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻም አብሮ ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ጽሑፉን በዓረፍተ ነገር መቁረጥ አትችሉም። ስለዚህ ትልቁ ይቅደም፦

ጽሑፍ = ጽሑፍ.ሪፕሌስ("፡፡", "።")
ጽሑፍ = ጽሑፍ.ሪፕሌስ("::", "።")
ጽሑፍ = ጽሑፍ.ሪፕሌስ("፡", " ")

ሁለተኛው መስመር በእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ አራት ነጥብ ለሠሩት ነው። አንዱን የእንግሊዝኛ ሁለት ነጥብ ግን በጅምላ አትንኩት። «3:30 ሰዓት» የሚለውን «3 30» ታደርጉታላችሁ።

የመጀመሪያው ቀን ስህተቴም እዚህ ነበር። ፓይተን ባዶ ቦታ ብሎ የሚቆጥራቸው ብዙ ምልክቶች አሉ፤ 32፣ ታብ፣ አዲስ መስመር፣ 160ም ሳይቀር። 4961 ግን ከነሱ አንዱ አይደለም። ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ የተመደበው ከሥርዓተ ነጥብ ጋር ነው። ለኛ ቃል ይለያል፤ ለፓይተን ልክ እንደ ኮማ አንድ ምልክት ነው።

4. ቁረጡት

መስመር = "ፋሲል፣1632፣1667"
ክፍሎች = መስመር.ስፕሊት("፣")
ፕሪንት(ክፍሎች)

የሚወጣው፦

['ፋሲል', '1632', '1667']

አለቀ። ምልክቱ ራሱ ተጥሏል፤ በመሀሉ የነበሩት ሦስቱ ሊስት ሆነዋል። መቁጠር የሚጀመረው ከዜሮ ስለሆነ ስሙ ክፍሎች[0] ነው፣ የነገሠበት ዓመት ክፍሎች[1]።

1632 ግን ገና ጽሑፍ ነው። ስንት ዓመት ነገሠ ብላችሁ ለመቀነስ ኢንት በሚለው ትእዛዝ ወደ ቁጥር ቀይሩት፦ ኢንት(ክፍሎች[2]) - ኢንት(ክፍሎች[1])። 35 ይሰጣችኋል። በግዕዝ ቁጥር «፲፮፻፴፪» ተብሎ ከመጣ ኢንት አይቀበለውም፤ ኤረር ይሰጣል። ስልክ ቁጥርን ደግሞ በጭራሽ ወደ ቁጥር አትቀይሩ። በ09 የሚጀምረው መነሻ ዜሮው ይወድቅና በ9 ይጀምራል። የማይደመርና የማይቀነስ ነገር ጽሑፍ ሆኖ ይቅር።

ብዙ መስመር ያለውን ጽሑፍ መጀመሪያ በመስመር፣ ከዚያ በነጠላ ሰረዝ ነው የምትቆርጡት። ለመስመር ስፕሊትላይንስ የሚባለውን ተጠቀሙ። ዊንዶውስ መስመር ሲጨርስ ሁለት የማይታዩ ምልክቶች ያኖራል፤ 13 እና 10። በ10 ብቻ ከቆረጣችሁ 13ቱ የመጨረሻው መረጃ ጭራ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ስፕሊትላይንስ ሁለቱንም ያውቃል።

5. ባዶ ቦታውን አራግፉ፣ ባዶ መረጃውን ግን ጠብቁ

እነዚህ ሁለቱ ይምታታሉ፤ ረጋ ብለን እንያቸው።

ሰው ከነጠላ ሰረዝ በኋላ ባዶ ቦታ ይተዋል። ስትቆርጡት « 1632» ከነባዶው ይመጣል። ስትሪፕ የሚለው ትእዛዝ ግራና ቀኙን ያራግፋል፦

ክፍሎች = [ክፍል.ስትሪፕ() ፎር ክፍል ኢን መስመር.ስፕሊት("፣")]

ይህን ሁልጊዜ አድርጉት። «ፋሲል» እና «ፋሲል » ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ነገሥታት ናቸው። ሌን(ክፍሎች[0]) ብላችሁ ብትጠይቁ ፋሲል 3 ፊደል ነው። 4 ካላችሁ አንድ የማይታይ ነገር ተሸክሟል። 8203ን ስትሪፕ አያነሳውም፤ እሱን በሪፕሌስ አጥፉት።

ባዶ መረጃ ሌላ ነው። ጓደኛዬ የዮስጦስን መነሻ ዓመት እስኪያጣራ ክፍት ትቶት ነበር፦

ዮስጦስ፣፣1716

በነጠላ ሰረዝ ስትቆርጡት ['ዮስጦስ', '', '1716'] ይሆናል። መሀል ላይ ባዶ አለ። ያ ባዶ መረጃ ቦታ ጠባቂ ነው። ተነሥቶ ቢጠፋ 1716 ወደ መነሻው ዓመት ይንሸራተትና ዮስጦስ ባበቃበት ዓመት ነገሠ ይባላል። ባዶውን አትጣሉት።

በቅንፍ ውስጥ ምንም ሳትጽፉ ስፕሊት() ብቻ ብትሉ ግን ፓይተን በባዶ ቦታ ይቆርጣል፤ የተደራረበውን እንደ አንድ ይቆጥራል፣ ዳርና ዳሩንም ይጥላል። ዓረፍተ ነገርን ወደ ቃላት ለመቁረጥ ይህ ግሩም ነው። ለዝርዝር ግን አይሆንም።

ጉግል ሺትስ የምትጠቀሙ ይህን በተለይ ልብ በሉ። እዚያም ስፕሊት የሚባል ፎርሙላ አለ፤ ሳትጠይቁት ባዶውን ይጥላል። አራተኛውን ቦታ ፎልስ ካላደረጋችሁ በስተቀር መረጃው ወደ ግራ ይንሸራተታል፣ ምንም ኤረርም አይሰጥም። ሦስተኛውም ቦታ እንዲሁ ነው። ከአንድ ፊደል በላይ የሆነ መለያ ብትሰጡት እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ መለያ ያደርገዋል፤ ፎልስ በሉት።

አራት ነጥብ ላይ ስትቆርጡም ባዶ ይገጥማችኋል። አንቀጹ በ«።» ስለሚያልቅ ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ ምንም የለም፤ ያ «ምንም» ሊስቱ መጨረሻ ላይ ባዶ ሆኖ ይቀመጣል። አምስት ዓረፍተ ነገር ቆርጣችሁ ስድስት ብትቆጥሩ ምክንያቱ እሱ ነው። ይህኛውን መጣል ትችላላችሁ።

6. ማስታወሻ ካለ የመቁረጡን ብዛት ገድቡ

ጓደኛዬ ቆየት ብሎ አራተኛ ክፍል ጨመረ፤ ማስታወሻ።

ኢያሱ፣1682፣1706፣ደብረ ብርሃን ሥላሴን አሠራ
ባካፋ፣1721፣1730፣በግቢው ውስጥ ቤተ መንግሥት አለው፣ ባለቤቱ እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምን አሠራች

የኢያሱ አራት ክፍል ይሆናል። የባካፋ አምስት፤ ማስታወሻው ውስጥ ነጠላ ሰረዝ አለ። ሰው ሲጽፍ ነጠላ ሰረዝ ይጠቀማል፣ ተው ማለት አይቻልም። መፍትሔው ለስፕሊት ቁጥር መስጠት ነው፦

ክፍሎች = መስመር.ስፕሊት("፣", 3)

ሦስት ጊዜ ብቻ ቁረጥ፣ የቀረውን እንዳለ ተወው ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ሲቆረጥ አራት ክፍል ይወጣል። የምንትዋብ ነገር ከነነጠላ ሰረዙ አራተኛው ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ለዚህ ሲባል ማስታወሻ፣ አድራሻ፣ አስተያየት ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይሁን። ከቀኝ በኩል መቁረጥ ካስፈለገ አርስፕሊት አለ።

7. የሰው ስም

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ደረስን። የስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም በሦስት ሳጥን ለይልኝ ትባላላችሁ። ሙሉ ስሙን በባዶ ቦታ እንቆርጣለን። ለብዙው ሰው ይሠራል። ከዚያ «ተክለ ሃይማኖት ገብረ ሥላሴ ደስታ» ይመጣል። ምሳሌ ብዬ ያቀናበርኩት ስም ነው። አምስት ቃል ነው፣ ሦስት ስም ነው። ቆርጣችሁ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ብትወስዱ ስሙ ተክለ፣ አባቱ ሃይማኖት፣ አያቱ ገብረ ይሆናሉ።

ሰው ስሙ ተቆርጦ ሲያየው ይከፋዋል። ደግሞም ልክ ነው። እንደ ጎንደር ባለ 44 ታቦት ባለበት አገር ወልደ፣ ገብረ፣ ወለተ የሌለበት ዝርዝር አይገኝም። ስለዚህ ይህችን ቁራጭ ኮድ ያዙ፦

ቅድመ = ["ተክለ", "ገብረ", "ወልደ", "ወለተ", "ኃይለ", "ሃይለ", "ኀይለ"]
ስሞች = []
ፎር ቃል ኢን ሙሉ_ስም.ስፕሊት():
    ኢፍ ስሞች ኤንድ ስሞች[-1] ኢን ቅድመ:
        ስሞች[-1] = ስሞች[-1] + " " + ቃል
    ኤልስ:
        ስሞች.አፔንድ(ቃል)

የሚያደርገው ቀላል ነው። ቃሉን ከማስቀመጡ በፊት ከኋላው ያለውን ያያል። ከኋላው «ገብረ» ካለ አዲሱን ቃል እሱ ላይ ይለጥፈዋል፤ ከሌለ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ውጤቱ ['ተክለ ሃይማኖት', 'ገብረ ሥላሴ', 'ደስታ'] ይሆናል።

ይህ የሚሠራው ቋንቋው ራሱ ስለሚረዳን ነው። «ገብረ» ተከታይ ይፈልጋል፤ «ገብሬ» ለብቻው ይቆማል። «ኃይለ» እና «ኃይሌ»፣ «ተክለ» እና «ተክሌ» እንዲሁ። በአንድ አናባቢ ነው የሚለዩት፤ ለኮዱ ያች በቂ ናት። «ኃይለ»ን በሦስት ሀ የጻፍኩት ግን ሰው እንደለመደው ስለሚጽፍ ነው። የእናንተ ዝርዝር ውስጥ «ፍቅረ»፣ «ሣህለ»፣ «ሀብተ» ካሉ ጨምሩ፤ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ እየተቀያየሩ እንደሚመጡም አትርሱ። ጎንደር ውስጥ ማዕረጉም ሁለት ቃል ሊሆን ይችላል፦ ሊቀ ጠበብት፣ መጋቤ ሐዲስ። ማዕረግን ስም ከመቁረጣችሁ በፊት ለብቻው አውጡት።

ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ ግን ስምን በባዶ ቦታ አትቁረጡ። ፎርሙ ሲዘጋጅ ሦስት ሳጥን ይኑረው። ጽሑፍ ሆኖ የሚመጣ ከሆነም በስምና በአባት ስም መሀል ነጠላ ሰረዝ አስገቡ።

8. ቁጠሩ

ከቆረጣችሁ በኋላ ውጤቱን ከመጠቀማችሁ በፊት እያንዳንዱ መስመር ስንት ክፍል እንደሆነ ቁጠሩ። አራት መሆን ካለበት አራት ያልሆነውን አሳዩኝ በሉ፦

ፎር ቁጥር, መስመር ኢን ኢኑመሬት(መስመሮች, 1):
    ክፍሎች = መስመር.ስፕሊት("፣", 3)
    ኢፍ ሌን(ክፍሎች) != 4:
        ፕሪንት(ቁጥር, ሌን(ክፍሎች), መስመር)

ምንም ካልታተመ በዚህ በኩል ሰላም ነው። ከታተመ የመስመሩ ቁጥር አለላችሁ፤ ወደ ፋይሉ ሄዳችሁ ታያላችሁ። በእድሩ ዝርዝር ላይ ይህ ኮድ ሦስት መስመር አወጣልኝ። ሁለቱ ባዶ መስመሮች ነበሩ። አንዱ ስልኩ የተረሳ ሰው። የሁለት ሰው መረጃ በአንድ መስመር ላይ የተጻፈበት ግን አመለጠው፤ ባልና ሚስት ናቸው። ገደቡ ስላለ የቀረው ሁሉ አራተኛው ክፍል ውስጥ ገብቶ አራት ሆነው አለፉ። ገደቡን ሳስቀር ስምንት ክፍል ሆነው ወዲያው ታዩኝ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ያለ ገደብ፣ አንድ ጊዜ ከነገደቡ ቁጠሩ።

9. ጥቅስ ካያችሁ ስፕሊትን ተዉት

ኤክሴል ፋይሉን ሲኤስቪ (መረጃው በኮማ የሚለያይበት የጽሑፍ ፋይል) አድርጎ ሲያስቀምጥ፣ መረጃው ውስጥ ኮማ ካለ ሙሉውን በጥቅስ ያስረዋል። "አዘዞ, ጎንደር" እንደዚህ። ስፕሊት ጥቅሱን አያከብርም፤ መሀሉን ይቆርጠዋል። ፓይተን ለዚህ ሲኤስቪ የሚባል ሞጁል ይዞ ነው የሚመጣው፤ ጥቅሱን ያውቃል። መለያ ብላችሁ የምትሰጡት አንድ ፊደል ብቻ መሆን አለበት። «፣» አንድ ፊደል ስለሆነ ይቀበለዋል።

ኤክሴል ላይ ሴቭ ስታደርጉ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ሲኤስቪ ምረጡ። አለዚያ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሊሆን ይችላል። እሱን ስትመርጡ ኤክሴል ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ያንን 65279 ያኖራል። የመጀመሪያው መስመር የመጀመሪያ ቃል ብቻ አልገጥም ካለ፣ «ፋሲል» 4 ፊደል ሆኖ ከተቆጠረ፣ እሱ ነው። ስትሪፕም አያነሳውም። ፋይሉን ስትከፍቱ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8-ሲግ ካላችሁት ራሱ ያነሳዋል።

በሌላ ቋንቋ ለምትሠሩ

ጃቫስክሪፕትም ስፕሊት አለው። ሁለተኛው ቁጥር ግን ሌላ ትርጉም አለው፤ 3 ብትሉት ሦስት ክፍል ሰጥቶ የቀረውን ይጥለዋል። የባካፋ ማስታወሻ ይጠፋል።

ጃቫ ውስጥ መለያው ሬጌክስ ነው፤ አንዳንድ ምልክት ልዩ ትርጉም የሚይዝበት የመፈለጊያ አጻጻፍ ማለት ነው። ነጥብና ፓይፕ ልዩ ትርጉም ስላላቸው ከፊታቸው ሁለት ወደኋላ ያዘነበለ መስመር ካላስቀደማችሁ ውጤቱ ያስደነግጣል። መጨረሻ ላይ ያሉትን ባዶዎችም ይጥላል፤ ሁለተኛውን ቁጥር -1 ካደረጋችሁት ይጠብቃቸዋል።

ፒኤችፒ ኤክስፕሎድ ይለዋል፤ መለያው ይቀድማል፣ ጽሑፉ ይከተላል። ለአማርኛ ችግር የለበትም። ስትር_ስፕሊት የሚለውን ግን አትንኩት። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ነው፤ እሱ በባይት ስለሚቆርጥ ፊደሉን ራሱን ይሰነጥቀዋል።

ሲ ውስጥ ስትርቶክ የመጀመሪያውን ጽሑፍ እየቀየረ ነው የሚቆርጠው፣ ባዶውንም ይዘለዋል። ኮፒ ሳትይዙ አትጀምሩ።

መልሶ ማጣበቅ

የተቆረጠውን መልሶ የሚያጣብቀው ጆይን ነው። ፓይተን ውስጥ መለያው ከፊት ይጻፋል፤ መጀመሪያ ግራ ያጋባል፣ ከዚያ ይለመዳል። ወደ ኤክሴል ለመለጠፍ ከሆነ በታብ አጣብቁት፤ እያንዳንዱ በየሳጥኑ ይገባል።

የእድሩን ዝርዝር ጨርሼ ለጋሼ ሳትምላቸው ግን ታብ አላስገባሁም። ስሙን እሳቸው በሚያነቡበት መንገድ መለስኩት፦

"፡".ጆይን(ሙሉ_ስም.ስፕሊት())

ወረቀቱ ላይ ስሙ ሁሉ ልክ እንደ ምሳሌያችን፣ እንደ «ተክለ፡ሃይማኖት፡ገብረ፡ሥላሴ፡ደስታ»፣ ሆኖ ወጣ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ተከተሉት። ሁለት ቦታ ላይ ስልክ አረሙ፣ አንድ ስም ላይ «ሃ»ውን «ኃ» አደረጉ።